ቡድናችን ውስጥ ሁሉም "ደህና ነኝ" ብሎ ዝም፣ ምን አንስቼ ላከራክራቸው?

ሐሙስ ማታ፦
ሰላም ናችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፣ መጠጥ ካቆምኩ 4 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በሳምንት አንዴ ሐሙስ ማታ የሚገናኝ ትንሽ የማገገም ቡድን አወያያለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፣ እንደነሱው ነኝ፣ ልዩነቱ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ መሆኑ ብቻ ነው። 9 ሰዎች ነን፣ አብዛኛው የመጠጥ ነው፣ የህመም ማስታገሻ ክኒን ይዞት የመጣም አለ፣ ቁማርም አለ።

ችግሬ ዝምታው ነው። ክብ ሰርተን እንቀመጣለን፣ "እንዴት ሰነበታችሁ" እላለሁ፣ ተራ በተራ "ደህና ነኝ፣ እየታገልኩ ነው፣ ተመስገን" ይባልና ያልቃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ የመጣ ሰው ሆድ ይፍጀው እንዳለ ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ያደግን ሰዎች እዛ ክፍል ውስጥ ስንገባ ምን እንደሚነካን እንጃ።

ያለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ፣ 7 ወር ሙሉ ያልጠጣ ልጅ ነው፣ ገባና ገና ሳይቀመጥ "ቅዳሜ ጠጣሁ፣ በቃ 7 ወሬን ገደል ከተትኩት፣ ዜሮ ነኝ" አለ። ማንም ምንም አላለም። እኔም ጭምር። ሁላችንም ጫማችንን ስናይ ቆየንና አንዷ "አይዞህ" አለችው፣ እሱም "አመሰግናለሁ" አለ፣ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፍን። ቤት ገብቼ ሳስበው ያናደደኝ ዝምታው ራሱ አይደለም፣ "ዜሮ ነኝ" ሲል ሁላችንም እውነት ነው ብለን መቀበላችን ነው። እኔ ራሴ ውስጤ "አዎ፣ አሳዛኝ ነው፣ ከዜሮ ሊጀምር ነው" ነበር ያልኩት። ማን ነው እንደዛ ብሎ ያስተማረን?

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። በየሳምንቱ ሁላችንም የምንደጋግማትን አንድ አባባል አምጥቼ መሀል ላይ ልጥላትና እውነት ነው ውሸት ተከራከሩበት ልበል። ሰው ስለራስህ ተናገር ሲሉት ይዘጋል፣ ስለ አባባል ተከራከር ሲሉት ግን ሳያውቀው ስለራሱ እያወራ ራሱን ያገኘዋል፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ነኝ። እስካሁን የያዝኩት "የምር ከፈለገ ያቆማል"፣ "ሰው ታች ወርዶ መሬት ካልነካ አይነቃም"፣ "ያገረሸበት ዜሮ ነው"፣ "አንዴ ሱሰኛ ሁሌም ሱሰኛ" የሚሉትን ነው።

ጥያቄዬ፦ እናንተ አምናችሁበት የነበረና ዋጋ ያስከፈላችሁ አባባል የትኛው ነው? ደግሞ አስተማሪ ሆኜ ቁጭ እንዳልል ፈራሁ፣ "ይሄ ስህተት ነው፣ ሳይንሱ እንዲህ ይላል" ብዬ ከዘጋሁት ዝምታው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ያወያያችሁ ሰዎች ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ሁለቴ ጀማሪ፦
ወንድሜ ያ ልጅ እኔ ነኝ፣ ማለቴ እኔ አይደለሁም ግን ታሪኩ የኔ ነው። 11 ወር አቁሜ ነበር። አንድ ማታ 2 ብርጭቆ ጠጣሁ። 2 ብርጭቆ! እዛ ላይ ቆሜ ብተኛ ኖሮ ጠዋት ራስ ምታት ይዞኝ እነሳ ነበር፣ በቃ። ግን ጠዋት ስነሳ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ነው፣ 11 ወሩ ከሄደ ሄዷል፣ ዜሮ ከሆንኩ ዛሬም ዜሮ ነገም ዜሮ፣ እንግዲያው ለምን አልጠጣም። 3 ሳምንት ጠጣሁ። 3 ሳምንቱን ያመጣው 2 ብርጭቆው አይደለም፣ ዜሮዋ ናት።

በኋላ አንዲት አማካሪ ስትነግረኝ ለዚህ ነገር ስም አለው። አለን ማርላት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዴ መሳትን እና ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው መመለስን ለያይቶ ነበር የሚያየው፣ ሰውየው አንዴ ስቶ "እኔ እኮ ድሮም የማልረባ ነኝ" ብሎ ራሱን ሲኮንን ነው ያቺ አንዷ ቀን ወደ ወር የምትቀየረው ይል ነበር። ይሄን ከመስማቴ በፊት ራሴን መኮነን ጥንካሬ ይመስለኝ ነበር፣ እንደዛ ካልጨከንኩ እለሰልሳለሁ ብዬ።

ደግሞ ቀን መቁጠር አትቁጠሩ እያልኩ አይደለም። መቁጠሪያው ለኔም ይሠራልኛል። ግን አሁን ሁለት ቁጥር ነው የምይዘው፣ አንደኛው ካልጠጣሁ ስንት ቀኔ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ማገገም ከጀመርኩ ወዲህ ከጠቅላላው ቀን ስንቱን ሳልጠጣ አደርኩ የሚለው። የናንተ ልጅ ወደ 210 ቀን ገደማ ውስጥ አንዱን ነው የሳተው። ዜሮ ማለት እንዴት ብሎ ነው? በነዛ 7 ወራት የተማረው፣ ማታ ማታ እንዴት እንደሚተኛ፣ ማን ጋ እንደሚደውል፣ የትኛው ጓደኛው እንደሚያስጠጣው፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ ማታ ከጭንቅላቱ ተነቅሎ ወጣ?

ለክርክሩ የሚሆንህ አንድ ቁጥር፦ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ታዋቂ የሕክምና ጽሑፍ ከሱስ ታክመው ከሚወጡት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ እንደሚያገረሽባቸው ገልጾ ከደም ግፊትና ከአስም ጋር ያነጻጽረዋል፣ የነዛ እንዲያውም ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው። ግፊቱ ተመልሶ የጨመረበትን ሰው ማንም "ዜሮ ነህ" አይለውም፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል፣ በቃ። ይሄን ቡድንህ ውስጥ ጣለውና እይ፣ አንዱ ተነስቶ "ግፊት ግን የራስ ጥፋት አይደለም" ይልሃል፣ እዛ ጋ ነው ወሬው የሚጀምረው።

የሌሊት ተረኛ፦
ሐሳብህን ወድጄዋለሁ ግን አንድ ነገር ልለምንህ፣ ሁሉንም አባባል ለክርክር አታቅርበው። አንዳንዱ ድምፅ የሚሰጥበት አይደለም። ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በጣም የምፈራት አባባል "ወኔ ካለህ በርህን ዘግተህ በአንዴ ቁረጠው፣ 3 ቀን ታመህ ትነሳለህ" የምትለዋ ናት።

ለሲጋራ ይሁን። ለብዙ ነገር ይሁን። በየቀኑ በብዛት ለሚጠጣ ሰው ግን ይሄ ምክር ሊገድል ይችላል፣ እያጋነንኩ አይደለም። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ሥርዓት ነው የሚያግዘው፣ ለዓመታት በየቀኑ ሲገባ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው የሚያነቃቃውን ጎን ያጎላዋል። መኪና ፍሬን ተይዞ እየተነዳ ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ እንደማለት ነው። ድንገት ፍሬኑን ልቀቀው እስቲ። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከዛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ይመጣል፣ ሰውየው ይዘባርቃል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ልቡ ይሮጣል፣ የትና መቼ እንደሆነ አያውቅም። ሁሉም ሰው ላይ አይመጣም፣ ሲመጣና ካልታከመ ግን ሰው ይሞታል። ቤተሰብ ደግሞ "ሀራራ ነው ያልፍለታል" ብሎ ውሃ እያጠጣ ይጠብቃል። በሕክምና እኮ ብዙም የሚከብድ ነገር አይደለም፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት በመጠን እየተቀነሰ ይሰጣል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፣ ክትትል ይደረጋል።

እንደ ዲያዜፓም ያሉ የማረጋጊያና የእንቅልፍ ክኒኖችም እንደዛው ናቸው፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በራሱ ሥልጣን በአንዴ መቁረጥ የለበትም። ደግሞ "ባለፈው ሳቆም ምንም አልሆንኩም" የሚል መከራከሪያ ሁሌ እሰማለሁ። ዋስትና አይሆንም፣ በተደጋጋሚ አቁሞ የጀመረ ሰው በየጊዜው ሀራራው እየከበደ ሊሄድ ይችላል።

ሄሮይንና ጠንካራ የህመም ማስታገሻዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሀራራው በጣም ያሰቃያል፣ ትውከትና ተቅማጡ ውሃ ካልተካ አደገኛ ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው እሱ አይደለም፣ የሚገድለው ከቆመ በኋላ ተመልሶ ድሮ የሚወስደውን መጠን መውሰድ ነው። ሰውነቱ ለምዶ የነበረውን ረስቶታል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጥናት አለ፣ ከእስር ቤት በወጡ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከመጠን በላይ ወስዶ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 129 እጥፍ ነበር። ያንን ክኒን ይዞት የመጣውን ሰውህን ስለ ናሎክሶን ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው፣ እነዚህን ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልስ መድኃኒት ነው፣ አብሮት የሚኖረውም ሰው ማወቅ አለበት። "ያገረሸበት ዜሮ ነው" ውሸት የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄም ነው፣ ሰውነቱ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ የለም።

ግትሩ፦
እኔ ደግሞ ልቃወም። ይቅርታ ግን "መሬት ካልነካ አይነቃም" የሚለውን ውሸት ነው ብላችሁ ልትነግሩኝ አትችሉም ምክንያቱም እኔ መሬት ነክቼ ነው የነቃሁት። ሥራዬን አጣሁ፣ ትዳሬ ፈረሰ፣ አንድ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ነቃሁ መኪናው የት እንደቆመ አላውቅም። በዛው ቀን አቆምኩ፣ 9 ዓመቴ። ከዛ በፊት ስንት ሰው ለምኖኛል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር።

እና "የምር ከፈለገ ያቆማል" የሚለውም ላይ። ቡድን ገብቼ አላውቅም፣ ሐኪም ቤትም አልሄድኩም (የሌሊት ተረኛ የጻፈችውን አሁን ሳነብ ዕድለኛ እንደነበርኩ ገባኝ፣ 2ኛው ቀን ላይ እጄ ኩባያ አይዝም ነበር)። በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የመጠጥ ወይም የዕፅ ችግራቸውን ፈትተናል ካሉት ሰዎች ውስጥ 46 በመቶው ያለምንም ሕክምናም ሆነ ቡድን ነው የፈቱት ይላል። እንግዲህ ግማሽ የሚጠጋ ሰው በራሱ ከወጣ ፈቃደኝነት ምንም አይሠራም የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። ሁሉንም "የተሳሳተ አመለካከት" እያላችሁ ከመጣችሁ ሰው የቆመበትን እንጨት ነው የምትነቅሉበት።

ታላቅ እህት፦
ግትሩ፣ 9 ዓመትህን ያብዛልህ፣ የምር ነው የምለው። ግን ያንን አባባል አንተ የምትሰማው ከወጣህ በኋላ ወደ ኋላ እያየህ ነው። እኔ የምሰማው ከፊት ለፊት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲጠጣ ሰው ሁሉ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ በጣም የማከብራቸው ትልቅ ሰው ሳይቀሩ፣ "ተይው፣ መሬት ሲነካ ይነቃል፣ አሁን ብትረጂው ታበላሽዋለሽ" አሉኝ። ተውኩት። ስልኩን አላነሳም ነበር። 2 ዓመት። መሬቱ ስንት ሜትር እንደሚወርድ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ለአንዳንዱ ሰው መሬቱ መቃብር ነው። የኔ ወንድም በሕይወት አለ፣ ግን ጉበቱን ይዞ አይደለም የወጣው።

መሬት ነክተው የነቁት ለመናገር በሕይወት አሉ። ነክተው ያልነቁት ይሄን ክርክር መጥተው ሊካፈሉ አይችሉም፣ ስለዚህ አባባሉ ሁሌ እውነት ይመስላል።

በኋላ ያገኘሁት ነገር ክራፍት ይባላል፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሳይጠጣ ሲመጣ ሙቀት ስጪው፣ አብረሽው ተቀመጪ፣ ጠጥቶ ሲመጣ አትጨቃጨቂ ግን ፍቅሩንም ንሺ፣ የመጠጡ ውጤት ያመጣበትን ነገር ከሥሩ ሄደሽ አትጥረጊለት፣ እና ልቡ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠብቀሽ ያኔ ሕክምናን አንሺ። ያኔ ስትጠይቂው ደግሞ ቀጠሮው ዝግጁ ይሁን፣ "እሺ" ካለ በኋላ ሳምንት ከጠበቀ እሺታው ይተናል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ በዚህ መንገድ ከሄዱት ቤተሰቦች 64 በመቶዎቹ ሰውየውን ሕክምና ማስጀመር ችለዋል፣ ሁሉም ዘመድ ተሰብስቦ በድንገት ከቦ የሚያፋጥጠው አካሄድ 30 በመቶ ነው። የቤተሰብ መደጋገፊያ ቡድን ብቻ የገቡት 13 በመቶ፣ ምንም እንኳ የነዛ ቡድኖች ዓላማ ሰውየውን ማምጣት ሳይሆን ቤተሰቡን ማሳረፍ ስለሆነ ማነጻጸሩ ትንሽ ያደላል።

እና ለሐሙስ ማታ፣ ይሄን አባባል ስታመጣ "እውነት ነው ወይስ ውሸት" ብለህ አትጠይቅ። "ይሄን ማን አለህ፣ ያኔ ምን ፈልጎ ነው ያለህ" ብለህ ጠይቅ። እኔን "ተይው" ያሉኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፣ ደክሟቸው ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ነበር፣ አባባሉ እረፍት ሰጠኝ። ለዛ ነው ያመንኩት እንጂ ማስረጃ አይቼ አይደለም።

ሁለቴ ጀማሪ፦
ታላቅ እህት ያልሽው ገብቶኛል፣ እኔም "ዜሮ"ዋን የተቀበልኳት ለዛ ነው መሰለኝ፣ መጠጣቱን ለመቀጠል ፈቃድ ትሰጠኛለች።

ግትሩ አንተ ያልከውን ጥናት አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን በራሳቸው ወጡ ማለት በወኔ ብቻ ወጡ ማለት ነው እንዴ? ሥራ የቀየረ አለ፣ ልጅ የወለደ አለ፣ ሰፈር የለቀቀ አለ። በጣም የሚገርመኝ የቬትናም ወታደሮች ነገር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ሲመለሱ የተጠኑት የአሜሪካ ወታደሮች ከ5 አንዱ እዛ እያለ የሄሮይን ዓይነት ሱስ ይዞት እንደነበር ተናግሯል፣ መንግሥት በሙሉ ደንግጦ ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ተከታትላ ስታያቸው እዛ ሱስ ይዟቸው ከነበሩት ውስጥ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ተመልሰው ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ይሄ "አንዴ ሱሰኛ ሁሌም ሱሰኛ" የሚለውን ይነቀንቀዋል፣ በ"ወኔ" የሚለውንም ይነቀንቀዋል፣ ምክንያቱም እነዛ ሁሉ ልጆች በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ወኔ አላበቀሉም፣ የተቀየረው ቦታው፣ ሰዉና የሚወስዱበት ምክንያት ነው።

ግን ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እኔና አንተ የጠጣነው በራሳችን ቤት፣ በራሳችን ሰዎች መሀል ነው። የምንመለስበት ሌላ አገር የለንም። እኔ ማድረግ የቻልኩት ከሥራ ወደ ቤት የምሄድበትን መንገድ መቀየር ብቻ ነው፣ 20 ደቂቃ ይረዝማል፣ አሁንም በሱ ነው የምሄደው።

ግትሩ፦
እኔም ከተማ ለቅቄ ነበር ያኔ። አልጻፍኩትም ነበር። እሺ።

ጠዋት ጠዋት፦
ሁላችሁንም አነበብኩና ለመጻፍ ሦስቴ ጀምሬ አጠፋሁት። የኔዋ አባባል "መድኃኒት እየወሰድክ ከሆነ ክሊን አይደለህም" የምትለዋ ናት፣ ከሱስ አልጸዳህም ማለት ነው። 6 ዓመት ሜታዶን ላይ ነኝ፣ ለሄሮይን ሱስ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ልጆቼን አሳድጋለሁ። ከዛ በፊት ሄሮይን ነበር፣ ስለዛ ዘመን ብዙ አላወራም።

አንድ ቡድን ገብቼ ነበር፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን መድኃኒት እንደምወስድ ስናገር አወያዩ በትህትና "መስማት ትችያለሽ፣ ለጊዜው ግን ልምድ ባታካፍዪ" አለኝ። "አንዱን ሱስ በሌላ ነው የቀየርሽው" አለኝ ሌላው። 4 ወር መጥቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ እሄድ ነበር። ከዛ አፈርኩና መድኃኒቱን በራሴ መቀነስ ጀመርኩ፣ ክሊን ለመባል። ምን እንደተከተለ የሌሊት ተረኛ የጻፈችውን ያነበበ ይገምታል። ጎረቤት ደርሶልኝ ነው ያለሁት።

ሜታዶንን ለዚህ ሕክምና ያዋሉት ቪንሰንት ዶል እና ማሪ ናይስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች ናቸው፣ ውጤታቸውን ያወጡት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ ሙከራ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜታዶንም፣ ለዚሁ ሕክምና የሚሰጠው ቡፕረኖርፊንም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሕክምናው ላይ የቆየ ሰው የመሞት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ወይም ከዛም በላይ ይቀንሳል። ልዩነቱን እኔ እንዲህ ነው የማስረዳው፣ ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዷል፣ ባቋርጠው እታመማለሁ፣ ይሄ እውነት ነው። ሱስ የሚባለው ግን ሕይወቴ ሁሉ በሱ ዙሪያ መዞሩ፣ እየጎዳኝ እያየሁ ማቆም አለመቻሌ ነበር። አሁን ግን በሕይወቴ ዙሪያ የሚዞረው መድኃኒቱ ነው፣ 5 ደቂቃ ይወስዳል ከዛ ወደ ሥራዬ።

ወንድሜ ሐሙስ ማታ፣ ይሄን አባባል ለክርክር ከማቅረብህ በፊት ክቡ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አስብ። እንደኔ ዝም ያለች ልትኖር ትችላለች። ሌላው ተራ የክርክር ርዕስ እየመሰለው ሲከራከር እሷ ደግሞ ፊቷ ስለመኖሯ ድምፅ እየተሰጠ ይመስላታል። ቢቻል አባባሎቹን አንተ አታምጣቸው፣ ሰዎቹ ስም ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ይጻፉና ቀላቅለህ አንብብ። እኔ ወረቀት ቢሰጠኝ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እጽፈው ነበር።

ቁጥር ወዳድ፦
አጭር ልጨምር፣ "21 ቀን ከቻልክ ልማዱ ይሰበራል" የምትለዋን እንዳትረሳት። ምንጯ በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን ይፈጅባቸዋል ብሎ የጻፋት ናት፣ ከሱስ ጋር አትገናኝም። በለንደን የተሠራና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተራ የሆነ ጥሩ ልማድ፣ እንደ ውሃ መጠጣት ያለ፣ ለመልመድ በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል ይላል፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል። እኔ 22ኛው ቀን ላይ አሁንም ሲያምረኝ "የኔ ጭንቅላት ተበላሽቷል" ብዬ ነበር። እንቅልፌ የተስተካከለው 5ኛው ወር ላይ ነው፣ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ያን ያህል አልሸበርም ነበር።

ሐሙስ ማታ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ትናንት ሐሙስ ነበር፣ ሪፖርት ላቅርብ።

የጠዋት ጠዋትን ነገር ነው ያደረግኩት። ብጣሽ ወረቀትና እስኪርብቶ ሰጠሁ፣ "ስለ ሱስ ወይም ስለ ማገገም የምታምኑትን ግን ጮክ ብላችሁ መናገር የሚከብዳችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ" አልኩ፣ እኔም ጻፍኩ። ሰብስቤ ቀላቀልኩና ማንበብ ጀመርኩ። እኔ የጠበቅኩት ወኔ፣ መሬት መንካት፣ 21 ቀን ነበር፣ እነሱም ነበሩ፣ አንዳንድ።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ "እዚህ ያሉት ሁሉ ከኔ ጠንካሮች ናቸው" ይላል። አነበብኩትና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ሦስተኛው "ከኔ በስተቀር ሁሉም የምር እየተለወጠ ነው" ይላል። ሳቅ ሳቅ አለኝ ግን ያዝኩት። ስድስተኛው "እኔ ብቻ ነኝ የማስመስለው"። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ ምክንያቱም የኔው ነበር፣ "4 ዓመቴ ነው ብዬ አሁንም በየቀኑ እንደሚያምረኝ ካወቁ አያምኑኝም" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከ9ኙ 4ቱ አንድ ነገር ነው የጻፉት፣ ቃሉ ብቻ ነው የተለያየው። ማንም የማንን እንደሆነ አልጠየቀም። የ7 ወሩ ልጅ "አሁን ይሄን ማን ነው የጻፈው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ ብዬ ላብ አጥምቆኛል" ሲል ሁሉም ሳቀ፣ ከዛ በኋላ እኔ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም፣ 9 ሰዓት ላይ የሕንጻው ጥበቃ መጥቶ መብራት እስኪያጠፋብን ማለት ነው፣ ማለቴ ማታ 3 ሰዓት፣ ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ነው። "ዜሮ" ላይም ደረስን፣ ልጁ ራሱ ነው ያነሳው፣ ሁለት ቁጥር የመያዙን ነገር ስነግረው "209 ከ210" ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈ። ክኒን የያዘውን ሰውዬ ስለ ናሎክሶን ጠይቄዋለሁ፣ ስሙን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ጨነቀኝ፣ ለዛ ነው ቶሎ የጻፍኩት። ስንወጣ አንዱ፣ አዲስ ነው፣ ሦስተኛ ጊዜው ነው የመጣው፣ በር ላይ ያዘኝና "ዛሬ ስትናገሩ ልቤ ተነሳ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ዘግቼ በአንዴ አቆማለሁ፣ ለማንም አልነግርም" አለኝ። በየቀኑ ነው የሚጠጣው፣ ጠዋትም ጭምር፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የሌሊት ተረኛ ምን ልበለው? ልቡን እንዳልሰብርበትም ፈራሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
ጠዋት መጠጣት ከጀመረ ብቻውን እንዳያቆም። ልቡን አትሰብረውም፣ "ማቆምህ ደስ ብሎኛል፣ አብረን ሐኪም ጋ ሄደን እናቁመው" በለው። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በድንገት እንዳይቆርጠው ንገረው፣ ይሄ ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንቀጥቅጦ ወይም ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው፣ በቀን ስንት እንደሚጠጣና ሌላ የሚወስደው ክኒን ካለም፣ ጽፈህ ያዘው ሐኪሙ ይጠይቃችኋል። ከወዲሁ ካቆመና እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እያላበው ወይም እየዘባረቀ ከሆነ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ዛሬ ደውል።

ሐሙስ ማታ፦
ደወልኩ። መጀመሪያ "ለማንም አልነግርም አላልኩህም እንዴ" ብሎ ተቆጣኝ፣ ከዛ ዝም አለ፣ ከዛ "አንድ ጊዜ ወድቄ ነበር ባለቤቴ ነች ያገኘችኝ" አለኝ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።